ቆርቆሮውን ያለበስንበት ክረምት

አክስቴ ቤቷ ከሩቅ እንዲታይ ዐሥራ አንድ ዓመት ለፋች፤ እንዳይታይ ያደረግነው ግን በሁለት ቀን ነው። ሁለቱንም ሥራ አይቻለሁ። የትኛው ይከብዳል ብባል ሁለተኛው እላለሁ፤ የትኛው ያስቃል ብባልም ያው ሁለተኛው ነው።

ቤቱ ከአምቦ ወደ ጉደር ሲሄዱ ከመንገዱ በላይ ባለው ተዳፋት ላይ ነው። በዙሪያው ያሉት ቤቶች ሁሉ ሣር ክዳን ነበሩ፤ የእሷ ብቻ ቆርቆሮ። ባሏ ከሞተ በኋላ ከባኮ በቆሎ እያወጣች አምቦ ገበያ እየሸጠች ብቻዋን የሠራችው ነው። ቆርቆሮው ተዳፋቱን የወጣው በአህያ ሲሆን፣ ነፋስ በመጣ ቁጥር አህዮቹ ክንፍ ያወጡ ይመስሉ ነበር እያሉ ያዩት ሰዎች ያወራሉ። ከተከደነ ወዲህም በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ ጣራው ላይ ሰው ታወጣና በእርጥብ ጨርቅ ታስወለውለዋለች። ወለል የሚያስወለውል ሰው አምቦ ከተማ ውስጥ አይቻለሁ፤ ጣራ የሚያስወለውል ግን ከእሷ ሌላ አላየሁም። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ወደ ጉደር ስታዘነብል ያ ጣራ ይነድዳል። የባኮ ጭነት መኪና ሾፌሮች ዐይናቸውን በመዳፋቸው ከልለው ያልፉ ነበር።

አክስቴን አዳዳ እንላታለን፤ በኦሮምኛ የአባት እኅት ማለት ነው። የእኛ ብቻ መሆኗ ቀርቶ የተዳፋቱ ሰው ሁሉ አዳዳ ይላታል። አዳዳ ጴንጤ ናት። አትጠጣም፣ አትምልም፣ ከሁሉም የባሰው ደግሞ አትዋሽም። በቆሎዋ ነቀዝ ካለው ገዢው ሳይጠይቃት “ነቀዝ አለው” ትላለች። ገዢውም “ነቀዙን ካልደበቀች ሌላ የምትደብቀው የለም” ብሎ ይገዛታል። ስለዚህ ቤቷን መደበቅ ያለባት ቀን ሲመጣ ምን ዓይነት ችግር ውስጥ እንደገባን መገመት አያቅትም።

ለችግሩ ምክንያት የሆንኩት ደግሞ እኔ ነኝ።

ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ትምህርቴን አቋርጬ አንድ ሳምንት አምቦ፣ አንድ ሳምንት ሸነን፣ አንድ ሳምንት አዳዳ ቤት እየኖርኩ፣ ደብተሬን ቀበቶዬ ውስጥ ሸጉጬ እዞር ነበር። ግጥም ያስተማረኝ ሰው የለም። ስኳር የተጠቀለለበትን ጋዜጣ እያቃናሁ ነው ያነበብኩት። አንድ ጊዜ የመሠረተ ትምህርት ተማሪዎች ሲመረቁ መድረክ ላይ እንድወጣ ተፈቀደልኝና ስለ አዳዳ ጣራ የጻፍኩትን አነበብኩ። ረዥም ነበር፤ ሰው የያዘው ግን ሁለት ስንኝ ብቻ ነው፦

ፀሐይ ሲመሽባት መግቢያ ቢጠፋባት፣
የአክስቴ ቆርቆሮ መስታወት ሆነላት።

ልጆች ያዙት። ከልጆቹ የመኪና ረዳቶች ተቀበሉት። ከዚያ በኋላ ከባኮ የሚመጣ መኪና በተዳፋቱ ሥር ሲያልፍ ረዳቱ ከኋላ ተንጠልጥሎ “የአክስቴ ቆርቆሮ” ይላል፤ ተዳፋቱ ላይ ያለ ሰው ሁሉ “መስታወት ሆነላት” ብሎ ይመልሳል። እኔ በዚያ ሰዓት የትም ብሆን ወደ መንገዱ ዳር እወርድ ነበር፤ ድንገት የወረድኩ እየመሰልኩ።

መንደር ምስረታ የተባለው ነገር የመጣው በዚህ መሐል ነው። ገበሬው ሁሉ ከየተዳፋቱ ወርዶ ሜዳው ላይ በተሰመረ መስመር ቤት ይሠራል ተባለ። በሰኔ መጀመሪያ አንድ ጠዋት የገበሬ ማኅበራችን ሊቀመንበር አዳዳ ቤት መጣና ደፉ ላይ ተቀመጠ። ይህ ሰው ሥራውን ሲሠራ በአማርኛ፣ ልቡን ሲናገር በኦሮምኛ ነው የሚያወራው። በአማርኛ ጀመረ።

“በመንደር ምስረታው አፈጻጸም መሠረት፣ በአንደኛው ዙር የሚነሡትን የቆርቆሮ ክዳን ቤቶች የሚመዘግብ ጓድ ከአውራጃ ይመጣል። ቆርቆሮው ተነቅሎ ለአዲሱ መንደር መጋዘንና ጽሕፈት ቤት ይውላል። የሣር ክዳን ቤቶች በሁለተኛው ዙር ይታያሉ።”

“ሁለተኛው ዙር መቼ ነው?” አለች አዳዳ።

“አንደኛው ሲያልቅ።”

“አንደኛውስ መቼ ያልቃል?”

ሊቀመንበሩ ወደ ውጭ አየና ወደ ኦሮምኛ ዞረ። እሱንስ እኔ ቀርቶ ወረቀቱን የጻፉትም አያውቁም አላት። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ አንደኛው ዙር እስካለፈ ድረስ ሁለተኛው ላይመጣም ይችላል፤ እስካሁን ካየኋቸው ዘመቻዎች ሁለተኛ ዙር የደረሰ የለም አለ።

“ታዲያ የእኔን ቆርቆሮ ማን ነገራቸው? ከዚህ እስከ አውራጃ ድረስ ያብረቀርቃል እንዴ?”

ሊቀመንበሩ ወደ እኔ ዞሮ አየኝ።

“የአውራጃው ስብሰባ ላይ የነበረው መዝጋቢ ግጥሙን በቃሉ ይዞታል” አለ። “‘ይህ መስታወት የት ነው?’ ብሎ ጠየቀን። እኛ ዝም አልን። ራሴ ሄጄ አገኘዋለሁ ብሏል።”

እውነቱን ልናገርና፣ መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው። የአውራጃ ሰው ግጥሜን በቃሉ ይዟል። ደስታው ግን የአዳዳን ፊት እስካይ ድረስ ብቻ ቆየ። እጇን አንሥታ የበሩን መቃን ያዘች፤ ቤቱ የሚሄድባት ይመስል።

“እኔ አልዋሽም” አለች።

“ማን ዋሺ አለሽ?” አላት ሊቀመንበሩ።

“ሣር እናልብሰው” አልኩ እኔ። ከአፌ ወጣ እንጂ አስቤበት አልነበረም። “ቆርቆሮውን ከላይ ሣር እናልብሰው። ከመንገድ ሲያዩት ሣር ቤት ይሆናል።”

አዳዳ ብዙ አሰበች። እሷ ስታስብ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ከማን ጋር እንደምትመካከር ግልጽ ነው።

“ሰው ቀሚስ ለብሶ ሲወጣ ዋሸ ይባላል?” አለች በመጨረሻ።

“አይባልም” አልን ሁለታችንም።

“እንግዲያው ይልበስ። ግን ስሙኝ፤ ሰውየው መጥቶ ከጠየቀኝ፣ የጠየቀኝን እመልስለታለሁ።”

የተስማማነው በዚህ ነው፤ ክረምቱን ሙሉ እንቅልፍ የነሳን ቃልም ይኸው ነበር።

ሣር የሚያለብስ ሰው መፈለግ ነበረብን፤ በተዳፋቱ ላይ ያለው ከዳኝ ደግሞ አንድ ሽማግሌ ብቻ ነው። ከእኛ ቤት በቀር የሰፈሩን ቤት ሁሉ የከደነው እሱ ነው። አዳዳ ቆርቆሮ ካለበሰች ጀምሮ ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ደጇን አልረገጠም። ቤቱን ምጣዱ ይለዋል። “ምጣዱ ላይ ሰው ይጋገራል” ይላል በበጋ ሲያልፍ፣ እሷ እንድትሰማ ጮክ ብሎ። እኔና ሊቀመንበሩ ሄደን ነገሩን ስናጫውተው ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ የታመመ መስሎን ልንይዘው ስንል እየሳቀ ነው።

“አዳዳ ራሷ ናት የላከቻችሁ?”

“ራሷ ናት፣ ኦቦ” አልኩት፤ ጋሼ እንደ ማለት ነው።

“ሣር ፈልጋ?”

“ሣር ፈልጋ።”

“እስቲ አንድ ጊዜ ድገምልኝ።”

ሦስት ጊዜ አስደገመኝ።

መጥቶ ቤቱን ዞረው። ጣራው ለሣር የሚሆን ተዳፋት የለውም፣ ሣሩ የሚታሰርበት ማገርም የለውም፣ ቆርቆሮ ደግሞ ያንሸራትታል አለ። ከዚህ ሁሉ የሚብሰው ሰኔ መሆኑ ነው። የክዳን ሣር የሚታጨደው ከመስከረም በኋላ ነው፤ በሰኔ ሣር የሚከድን ሰው እብድ ብቻ ነው። የነበረን የገብስ ገለባ ክምር ብቻ ነበር። ያም ቢሆን በዚያ ዓመት ሊቀመንበሩ ስብሰባ አብዝቶብን በጥድፊያ የወቃነው ነው፤ በሬዎቹ ሁለት ዙር እንደሄዱ “ስብሰባ” እየተባልን አውድማውን ጥለን የምንሮጥበት ዓመት ነበር።

“ገለባው በቆርቆሮው ላይ በምን ይያዛል?” አለ ሽማግሌው።

“በጭቃ” አልኩ። ሁለተኛው ትልቁ ስሕተቴ ይህ ነው። “ጭቃና እበት አቡክተን ቆርቆሮውን እንለስነው፤ ገለባውን እላዩ ላይ እንጨምርና እንደገና እንለስነው።”

“ጭቃ ግድግዳ ላይ ነው፣ አንተ ጸሐፊ።”

“ሌላ መላ አለህ?”

አልነበረውም። ጭቃ፣ እበት፣ ያልተወቃ ገብስ፣ ከላይ ክረምት፣ ከሥር ሙቀት የሚይዝ ቆርቆሮ። አርባ ገበሬ ባለበት አንድም ሰው እነዚህን አምስቱን አንድ ላይ ደምሮ አላሰበም። ሁላችንም የምናስበው ስለ መዝጋቢው ነበር።

አርባ ያልኩት ክዳን ያለ ደቦ ስለማይሠራ ነው። ምስጢር ነው ብለን ጀምረን፣ ጭቃ የሚረግጥ ስንጠራ፣ ገለባ የሚያቀብል ስንጠራ፣ መሰላል የሚይዝ ስንጠራ፣ ምስጢሩን የማያውቅ ሰው ተዳፋቱ ላይ ጠፋ። የማያውቅ ከሌለ ደግሞ ለማን ይወራል። አዳዳ ቂንጬ በቅቤ አቀረበች፣ በጋን ብርዝ በጠበጠች። ሽማግሌው ብርዙን ቀምሶ “ይህ ለታመመ ሰው ነው” ብሎ የራሱን ጠላ አስመጣና ከአጥሩ ውጭ አስቀመጠው፤ የአዳዳ ግቢ እንዳይረክስ። ቀኑን ሙሉ ከጣራው እየወረደ፣ በአጥሩ ላይ እየዘለለ፣ እየጠጣ ተመልሶ ይወጣ ነበር። ወደ ማታው ላይ አጥሩን መዝለል ትቶ ዞሮ በበር መሄድ ጀመረ።

ቆርቆሮው በእርግጥ ያንሸራትታል። ሊቀመንበሩ ለማዘዝ ብሎ ወጣ፤ “ጓዶች” ብሎ ሳይጨርስ ቁጭ እንዳለ ከነገለባው ተንሸራትቶ እጭቃው ጉድጓድ ውስጥ ገባ። ከዚያ ውስጥ ሆኖ “ሥራው ይቀጥል” አለ። ይህን ያህል ስቄ አላውቅም፤ መሰላሉን የያዝኩት እኔ ነበርኩና የለቀቅኩት ያን ጊዜ ነው። ሌላ ሁለት ሰው ወረደ።

በሁለተኛው ቀን ማለቂያ ላይ ሽማግሌው ጉልላት ካልተደፋበት አልወርድም አለ። ሣር ቤት ጫፉ ላይ ገንቦ ወይም እንስራ ይደፋበታል፤ ዝናብ እንዳይገባ። ይህ ቤት ግን ርዝመት ያለው እንጂ ክብ አይደለም፤ ጫፍ የለውም።

“ጉልላት የሌለው ሣር ቤት ጥምጥም የሌለው ቄስ ነው” አለ።

“የት ላይ ልትደፋው ነው? መሐሉ ላይ?” አለች አዳዳ ከታች።

“አንድ አይበቃውም። ሁለት ስጪኝ።”

ሁለት የተሰነጠቀ እንስራ ሰጠችው። በሁለቱ ጫፍ ላይ ደፋቸው። ቤቱ ቀንድ አወጣ።

ሮጬ ወደ መንገዱ ወረድኩና ዞሬ አየሁ። ቤት የለም። አንድ የተኛ ቡናማ በሬ ከቀንዱ ጋር ተዳፋቱ ላይ አለ፤ ሌላ ምንም የለም። ፀሐይዋ ወደ ጉደር ዞራ፣ ዐሥራ አንድ ዓመት የምታየውን መስታወት ፈልጋ አጥታ፣ እንዲሁ ገባች። አንድ የባኮ መኪና ቀስ አለና ረዳቱ አንገቱን አወጣ።

“ወንድም፣ የመስታወቱ ቤት የት ሄደ?”

“ባኮ ወረደ” አልኩት። “ብርዱ አልስማማ ብሎት።”

ሊቀመንበሩ መዝጋቢው በሚቀጥለው ሐሙስ ይመጣል ብሎ ነበር። ሐሙስ ዝናብ ጣለ። በተከታዩ ሐሙስም ጣለ። የአውራጃው መኪና ተዳፋቱ ሥር ደርሶ በጭቃ ተይዞ ተመለሰ። ሐምሌ ገባ። አዳዳ አንድ ጠዋት ተነሥታ በሩን ስትከፍት ግቢው ጎርፍ ሆኖ አገኘችውና ደነገጠች። ዝናቡን አልሰማችውም። ዐሥራ አንድ ዓመት በቆርቆሮው ላይ ሲደበድብ የሰማችው ዝናብ አሁን ጭቃውና ገለባው ውጠውት ድምፅ የለውም።

“ቤቴ ደነቆረ” አለች።

ይህ ብቻ ነበር ያሳዘናት። ሌላውን ትስቅበት ነበር፤ ይህን ግን አልሳቀችበትም።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ ከበሩ በላይ አንድ አረንጓዴ ነገር አየሁ። አንድ ቅጠል ነው፤ ዝም አልኩ። ከሦስት ቀን በኋላ ፂም ሆነ። በሳምንቱ ጣራው ሙሉ በሙሉ አረንጓዴ ነበር፤ ጥቅጥቅ ያለ፣ አንድ ወጥ፣ ከማሳችን ሁሉ የሚበልጥ ገብስ። ስብሰባ ያስጣለን ፍሬ ሁሉ በቅሏል። ሽማግሌውን ጠራነው። ቆሞ ረዥም ጊዜ አየ።

“ዕድሜዬን ሙሉ ቤት ከድኛለሁ” አለ። “የከደንኩት ቤት ሲያድግ ግን ይህ የመጀመሪያው ነው።”

ሊቀመንበሩ በሁለት ቋንቋ ደነገጠ። እንንቀለው አለ። ወጥተን እንንቀል ስንል ሥሩ ጭቃውን ይዞ ቁልቁል ይመጣል፤ በተነቀለበት ቦታ ቆርቆሮው ብልጭ ይላል። ተውነው። የጎረቤት ፍየሎች በእንጨት ክምሩ ላይ ወጥተው ጣራው ላይ ሰፈሩ፤ አባረርናቸው። ነሐሴ ላይ ሲያሸት ወፎቹ መጡ፤ ወንጭፍ ይዤ እንስራው አጠገብ ተቀምጬ ጣራ ስጠብቅ ከረምኩ። በዚያ ተቀምጬ ብዙ ጻፍኩ፤ ስለ አዳዳ ቤት ግን አንዲት ስንኝ አልጻፍኩም። አዳዳ በየጠዋቱ ትጸልያለች፤ ከግድግዳው ማዶ እሰማታለሁ። “ጌታ ሆይ፣ ቤት ስጠኝ አልኩህ፣ ሰጠኸኝ። ደብቅልኝ አልኩህ፣ ደበቅህልኝ። እርሻ ግን አልጠየቅኩህም።”

ቢሆንም ከመንገድ ሲያዩት እንደዚያ ተደብቆ አያውቅም። አረንጓዴ ተዳፋት ላይ አረንጓዴ ቤት። በሬውም ጠፋ፤ ሁለት እንስራ ብቻ አየር ላይ የቀሩ ይመስሉ ነበር።

መዝጋቢው የመጣው በጳጉሜን ነው፤ በእግሩ፣ ጫማው ላይ የሁለት ቀበሌ ጭቃ ይዞ። ወጣት ነው፣ ቀጭን፣ ቅጾቹን በላስቲክ ጠቅልሎ ደረቱ ላይ አቅፏቸዋል። እግሩ ግቢያችን ሲገባ ዝናቡ ወረደ፤ ወደ ላይ ቀና ሳይል ሮጦ ቤት ገባ። በደቦው የነበረው ሰው ሁሉ ዝናብ ለመጠለል እያለ ተከትሎ ገባ። ሽማግሌውም ገባ፤ ዐሥራ አንድ ዓመት ያልረገጠውን ደፍ ሳያውቀው ነው የረገጠው።

አዳዳ ለመዝጋቢው በርጩማ ሰጠችው። ተቀመጠና ዙሪያውን አየ። መጀመሪያ ያየው ወደ ላይ ነው፤ አዳዳ በየዓመቱ የምታጥበውን ነጭ የአቡጀዲ ኮርኒስ።

“ሣር ቤት ኮርኒስ አለው?” አለ።

“አዳዳ ንጽሕና ትወዳለች፣ ጓድ” አለ ሊቀመንበሩ በአማርኛ።

መዝጋቢው አንገቱን በእጁ ዳሰሰ።

“ከጠዋት ጀምሮ ስምንት ሣር ቤት ገብቻለሁ። በስምንቱም አንገቴ ላይ ሲያንጠባጥብብኝ ነው የዋለው። እዚህ ግን አንዲት ጠብታ የለም።”

“እኔ ነኝ የከደንኩት” አለ ሽማግሌው፤ ኩራት ይዞት ከኋላ ወደ ፊት መጣ።

“ስምንቱንስ ማን ከደናቸው?”

ሽማግሌው ትንሽ አሰበ። “እነሱንም እኔ።”

“ታዲያ ይህ እንዴት አላፈሰሰም?”

“እየተሻሻልኩ ነው።”

ከበሩ አጠገብ አንድ ሰው ሳቁን በነጠላው አፈነ። መዝጋቢውም ከንፈሩን ነከስ አድርጎ ቅጹን ከላስቲኩ አወጣ። ባለ ሁለት ዓምድ ነው፤ ሣር፣ ቆርቆሮ። ከዚያ ቅጹን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ለራሱ እንደሚያወራ ሁሉ ግጥሜን በቃሉ አለው። ሁለቱንም ስንኝ፣ ሳይሳሳት።

“ይህን የጻፈው ማነው?”

አዳዳ ከተጠየቀች ትመልሳለች። “ይኸው” አለች ወደ እኔ እያሳየች። “ልጄ ነው።”

“ቆርቆሮው የት ነው?” አለኝ።

በሕይወቴ የጻፍኩት ጥሩ ነገር እነዚያ ሁለት ስንኞች ብቻ ነበሩ፤ ይህን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። አሁን ደግሞ የሚያድነን እነሱን መካድ ብቻ ነው።

“ግጥም ነው” አልኩ። “የሌለውን ነው የጻፍኩት። ቤት እንዲመታ።”

“አልነበረም?”

“አልነበረም።”

“ያሳዝናል” አለ። “ያለ ነገር መስሎኝ ነበር የወደድኩት።”

ይህን ሲለኝ ጆሮዬ ነደደ። አሁንም ሳስታውሰው ይነድዳል።

መዝጋቢው ወደ አዳዳ ዞረ። በአንገቷ ማተብ እንደሌለ አይቷል፤ መጽሐፍ ቅዱሷ መደርደሪያው ላይ እንዳለም አይቷል።

“እናቴ፣ እርስዎ አይዋሹም አይደል?”

“አልዋሽም።”

“ጣራዎ ላይ ያለው ምንድን ነው?”

“ገብስ” አለች አዳዳ።

“ምን?”

“ገብስ ነው። ውጣና እይ።”

ወጣ። ሁላችንም ተከትለነው ወጣን። ዝናቡ አባርቶ ነበር። መዝጋቢው ቀና አለ፤ ገብሱ ዛላውን ከጣራው ጠርዝ ላይ አውርዶ፣ ውኃ እያንጠባጠበ፣ ከግንባሩ ትንሽ ከፍ ብሎ ይወዛወዛል። አፉን ከፍቶ ቆየ። ከዚያ እጁን ሰድዶ አንድ ዛላ ቀጠፈ፣ በመዳፉ መካከል አሸው፣ እፍ አለና ቃመው።

“እኔ የሸነን ልጅ ነኝ” አለ እያኘከ። “ገብስ ላይ ነው ያደግኩት። ጣራ ላይ ሲያሸት ግን አላየሁም።” አኘከና ዋጠ። “ከገብሱ ሥር ምን አለ፣ እናቴ?”

“ጭቃ።”

“ከጭቃውስ ሥር?”

ሊቀመንበሩ ዐይኑን ጨፍኗል። አዳዳ መዝጋቢውን ትክ ብላ አየችው፤ ከንፈሯ ትንሽ ተንቀሳቀሰ።

“እሱን ከጠየቅከኝ እነግርሃለሁ” አለች። “ከነገርኩህ ግን አንተም ሰምተሃል። ሰምተህ ደግሞ መጻፍህ ነው። እንግዲህ አስብና ጠይቀኝ፣ ኢልማ ኮ፤ እኔ እዚሁ ነኝ።”

ኢልማ ኮ ስትለው ልጄ ማለቷ ነው፤ እኔን የምትጠራበት አጠራር ነው። መዝጋቢው እስክሪብቶውን ይዞ ቆመ። ከጣራው ጠርዝ ውኃ ይንጠባጠባል። ቅጹን አየ፣ ገብሱን አየ፣ አዳዳን አየ። የቀረውን ፍሬ ከእጁ ላይ ቃመ።

“አልጠየቅኩም” አለ። “ቅጹ ላይ ከጭቃ በታች የሚል ዓምድ የለም። ገብስ ደግሞ ሣር እንጂ ሌላ ምንድን ነው?” ጻፈ። አጥፎ በላስቲኩ ከጠቀለለ በኋላ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ “ቶሎ እጨዱት” አለ። “ቀጥሎ የሚመጣው እህል መዝጋቢ ነው። እሱ እንደ እኔ መሬት ላይ ቆሞ አይመለስም።”

እስከ ተዳፋቱ ግርጌ ሸኘሁት። መንገዱ ጋ ስንደርስ ሁለተኛውን ስንኝ ለብቻው ደግሞ አለው፤ ወደ እኔ ሳያይ። ከዚያ ወደ አምቦ የሚሄድ መኪና ላይ ተንጠልጥሎ ሄደ።

መስከረም ላይ በሁለተኛ ደቦ ጣራውን አጨድነው። ሽማግሌው መሰላል ላይ ሆኖ ያጭዳል፣ ሊቀመንበሩ ከታች ነዶ ይቀበላል፤ እሱ ወደ ላይ እንዳይወጣ በድምፅ ብልጫ ወስነናል። ሁለተኛው ዙር፣ እሱ እንዳለው፣ አልመጣም። አዳዳ በየክረምቱ ጭቃውን እያስለሰነች፣ ጣራው በየዓመቱ ያልዘራነውን ገብስ እያበቀለ፣ እስከ ደርግ መጨረሻ ዓመታት ቆየ።

በሜዳው መስመር የሰፈረው ሰው ቤቱን እያፈረሰ ወደ ድሮ ቦታው እንዲመለስ የተፈቀደ ሰሞን ጭቃውን አወረድነው። በአካፋ እየፋቅን፣ እየሳቅን፣ ብልጭ የሚለውን ቆርቆሮ ስንጠብቅ ከሥሩ የወጣው ቀይ ነበር። እበቱና እርጥበቱ በልቶታል፤ ከዳር እስከ ዳር ዝገት። ሳቁ አንድ በአንድ ቆመ። አዳዳ ግቢው መሐል ቆማ አየችው።

“ጨርቅ አምጡልኝ” አለች።

ሦስት ቀን በአመድ አስፈተገችው። ከበሩ በላይ ካለችው አንዲት ቆርቆሮ በቀር ያበራ የለም። ከዚያ በዚያው ሳምንት ዝናብ ጣለ፤ የመጀመሪያው ዝናብ፣ በባዶ ቆርቆሮ ላይ። ከዐሥር ቦታ በላይ አፈሰሰ። ድስት፣ ሳህን፣ የገበቴ ክዳን ሁሉ ደረደርን። ጫጫታው ሰው አያነጋግርም ነበር። ሽማግሌው እየሮጠ ገባና በጆሮዋ ሥር ጮኸባት።

“አዳዳ፣ ሣር ላልብስልሽ?”

አዳዳ በርጩማዋን ጎትታ ሳህኖቹ መካከል ተቀመጠች፤ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ቀና ብላ፣ ዝናቡን ትሰማ ነበር።